ሒሳብን ለማስተማር ምን ዓይነት መሣሪያ እንስጥ?

(ይህ ጽሑፍ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ስብሰባ ላይ ከልማት ክፍላችን ሠራተኞች አንዱ ያደረገው ንግግር ነው።)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ዘመናዊ መሣሪያዎች በሒሳብ ትምህርት» የሚል ነው። ትናንት ማታ ስንወያይ፣ ምእመናን ለትምህርት ቤት መርጃ ባዋጡት ገንዘብ ታብሌት ይገዛ ያላችሁ አላችሁ፤ ኮምፒዩተር ይሻላል ያላችሁም አላችሁ፤ ውሳኔውም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይጠበቃል። ያ ገንዘብ እንዴት እንደተሰበሰበ ሁላችንም እናውቃለን። እንቁላል ሽጣ የሰጠች እናት አለች፤ ከቡናው ዋጋ ከፍሎ ያመጣ ወንድም አለ። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ቁጭ ብለን ማሰብ ይገባናል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታችን አስተምሮናልና።

አንዳንድ ወገኖች «ሒሳብ የዓለም ትምህርት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ስለ ጠፋችው በግ የተነገረውን ምሳሌ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። እረኛው ከመቶ አንዲቱ እንደጎደለች ያወቀው ስለቆጠረ ነው። መቁጠር ባይችል ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን በረት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ በሰላም በተኛ ነበር።

በምንሠራባቸው ገጠሮችም ማስላት አለመቻል ብዙ ያስከፍላል። ገበሬው የማዳበሪያ ብድሩ ወለድ ስንት እንደሚደርስ ሳያውቅ ይፈርማል። እናት ለሕፃንዋ የታዘዘውን ሽሮፕ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ስንት ማንኪያ እንደምትሰጥ ይምታታባታል። በሚዛን የተታለለ ሰው መታለሉን እንኳ አያውቅም። ትምህርት ቤቶቻችንም በጠቅላላው ያሉበት ሁኔታ የሚያሳዝን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በጥር 2015 ዓ.ም. ተነግሮናል። በምሳሌው እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ይዞ አንዲቱን ፈለገ፤ እኛ ግን ከመቶው ሦስቱን ይዘን የቀሩትን የምንፈልግ ሆነናል። እነዚያም ልጆች የጠፉት 12ኛ ክፍል ሲደርሱ አይደለም፤ አብዛኞቹ ገና በታችኛው ክፍል ሳሉ ነው የጠፉት።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትምህርት እከታተል ነበር። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ 50 ሲቀነስ 15 ብሎ ጽፎ አንድ ልጅ አስነሣ። ልጁ ጠመኔውን ይዞ ጥቂት ካሰበ በኋላ 45 ብሎ ጻፈ። መምህሩም «ስህተት ነው፤ ተቀመጥ» ብሎ ሌላ ልጅ ጠራ። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበረና ያንኑ ልጅ ቆሎ ሲሸጥ አገኘሁት። የአንዱ ስኒ ዋጋ አምስት ብር ነው። ሦስት ስኒ ሰፍሮልኝ ሃምሳ ብር ብሰጠው፣ በጣቱ እንኳ ሳይቆጥር ሠላሳ አምስት ብር መለሰልኝ። «ትናንት ሰሌዳው ላይ የተጠየቅኸው ይኸው እኮ ነው» ብለው፣ «አይደለም ጋሼ፤ ያ ሒሳብ ነው፤ ይኼ ገንዘብ ነው» አለኝ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሰሌዳው ላይ ያደረገውን ተመልከቱ። በአንድ ቤት ከዜሮ ላይ አምስት መቀነስ ስላልቻለ ገልብጦ ከአምስት ላይ ዜሮ ቀነሰና 5 ጻፈ። በአሥር ቤት ከአምስት ላይ አንድ ቀንሶ 4 ጻፈ። 45 ሆነ። ስህተቱ የራሱ ሥርዓት ያለው ስህተት ነው። ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ሥርዓት ይሳሳታል። «ስህተት ነው» ማለት ብቻ አያቃናውም። የሚያቃናው እንዴት እንዳሰበ የሚጠይቀው፣ እስኪመልስ የሚታገሠው፣ ከዚያም ከሚያውቀው ገንዘብ ወደማያውቀው ሰሌዳ የሚያሻግረው ሰው ነው።

እንግዲህ ዛሬ መሣሪያን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ልጅ ነው። መሣሪያው ልጁን ይጠይቀዋልን? እስኪመልስ ይታገሠዋልን? ሲሳሳትስ የት ላይ እንደተሳሳተ ያያልን?

ከአገራችን ልጀምር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡም «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በአንድ ሰዓት፣ በየትምህርት ቤቱ ይታይ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ በሩቅ ወረዳ ያለው ልጅ በአዲስ አበባ ያለው የሚማረውን ያንኑ እንዲማር ነው። እኔም በፕላዝማ ከተማሩት አንዱ ነኝ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ መምህራችን በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ያገኛል። በቴሌቪዥኑ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ትሰጠናለች፤ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተራችን ሳንገለብጥ «በጣም ጥሩ» ብላ ታልፋለች። በጣም ጥሩ የተባለው ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። መምህራችን ጎበዝ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ቆሞ ከእኛ ጋር ያይ ነበር። የመሣሪያው ጥፋት ዘመናዊ መሆኑ አይደለም፤ ልጁን አለመታገሡና መምህሩን ከሥራው ማስወጣቱ ነው።

ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን፣ በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው በኒካራጓ፣ ከቴሌቪዥን በሚያንስ መሣሪያ ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የአገሩ ትምህርት ሚኒስቴርና የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብን በሬዲዮ ማስተማር ጀመሩ። ሬዲዮ እንደማይሰማ ሁላችን እናውቃለን፤ ዝም ማለት ግን ይችላል። የሬዲዮው ድምፅ «ሰባትና አምስት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ልጆቹ ጮኸው ይመልሳሉ፤ ወይም ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ወይም በእጃቸው የያዙትን ይቆጥራሉ። ከዚያ ሬዲዮው ትክክለኛውን መልስ ይናገራል። ግማሽ ሰዓት ያህል በሚቆየው ትምህርት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ሬዲዮው ሲዘጋ መምህሩ ተረክቦ መልመጃውን ይቀጥላል። አዘጋጆቹም ልጆቹን በየጊዜው እየፈተኑ የከበዳቸውን ትምህርት መልሰው ያስተካክሉት ነበር። በመጨረሻ በፈተና ሲመዘኑ በሬዲዮው የተማሩት በተለመደው መንገድ ከተማሩት በልጠው ተገኙ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1979 ከአገሩ አብዮት ጋር ቢቋረጥም፣ መንገዱ ወደ ሌሎች ብዙ አገሮች ተላለፈ።

አሁን ትናንት ወደተነጋገርንባቸው ወደ ኮምፒዩተሮችና ታብሌቶች ልምጣ። የፔሩ መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር በሚለው አሳብ ተነሣሥቶ ከ800 ሺህ የሚበልጡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ገዛ። ኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ፣ ልጆቹ ኮምፒዩተር መጠቀም ቢለምዱም፣ ከአሥራ አምስት ወር በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ላይ የታየ መሻሻል አልተገኘም። ዕቃው ደረሰ፤ ትምህርቱ ግን አልደረሰም።

ፔሩን ለመንቀፍ ግን አፌ አይደፍርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወዳጆች የላኩልንን ስምንት ኮምፒዩተሮች ለአንድ ትምህርት ቤት ያስረከብሁት እኔ ነኝ። ጸሎት ተደረገ፤ ልጆቹ ዘመሩ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። «ስምንት ኮምፒዩተሮች ለተማሪዎች ተሰጡ» ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ፤ ቃሉም እውነት ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ተመልሼ ስሄድ ክፍሉ ተቆልፎ አገኘሁት። ልጆች እንዳያበላሹት በሚል ጥንቃቄ ነው የተቆለፈው። ኮምፒዩተሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ በጨርቁም ላይ አቧራ ተኝቶበት ነበር። የሒሳቡን መምህር ለብቻው ወስጄ «ለምን አልተጠቀምህበትም?» ብለው፣ «እኔንስ ማን አስተማረኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዕቃውን ያጓጓዝሁበትን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ቆጥሬ ነበር፤ መምህሩን ለማሠልጠን ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆጠርሁለትም። ለደጋፊዎቻችን የላክሁት ሪፖርት የስጦታውን ቀን እንጂ የልጆቹን ዕውቀት አልተናገረም። ይህን በፊታችሁ የምናገረው ያንኑ ስህተት በእናንተ ገንዘብ እንዳልደግመው ነው።

እንዲህ ሲባል ኮምፒዩተር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረ ጥናት፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች በሒሳብ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ክፍሉ ስድስተኛ ነው፤ የልጁ ዕውቀት ግን አራተኛ እንኳ አልጨረሰም። ማይንድስፓርክ የሚባለው የኮምፒዩተር ትምህርት ታዲያ ልጁን ከተመዘገበበት ክፍል አይጀምረውም። አስቀድሞ ፈትኖ፣ በእውነት ካለበት ቦታ ያነሣዋል፤ የስህተቱንም ዓይነት እያየ ቀጥሎ የሚሰጠውን ጥያቄ ይመርጣል። ከዚያ በተጨማሪ ልጆቹን በትንንሽ ቡድን የሚረዳ አስተማሪ ነበር። በአራት ወር ተኩል ውስጥ ዕድሉን ያገኙት ልጆች በሒሳብ ያሳዩት እድገት ዕድሉን ካላገኙት እጥፍ በለጠ። ፔሩና ዴልሂ ሁለቱም ኮምፒዩተር ነበራቸው። በዴልሂ ግን ልጁ የት እንዳለ የጠየቀ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የቦትስዋና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ወደ 4,500 በሚሆኑ ቤተሰቦች መካከል ሙከራ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ምንም አልተላከም። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ ጥቂት የሒሳብ ጥያቄዎች በስልክ መልእክት ተላኩ። ለሌሎቹ ደግሞ ከመልእክቱ ጋር አንድ አስተማሪ በየሳምንቱ እየደወለ ሃያ ደቂቃ ያህል ከወላጅና ከልጁ ጋር ጥያቄዎቹን ይሠራ ነበር። በመልእክቱ ብቻ የተገኘው ለውጥ የሚታይ አልሆነም፤ የተደወለላቸው ልጆች ግን ተሻሽለው ተገኙ። በኋላም በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሕንድ፣ በኔፓልና በፊሊፒንስ ሲሞከር የስልኩ ጥሪ ጠቀመ። ለዚህ ሥራ ውድ ስልክ አላስፈለገም፤ በእያንዳንዱ መንደር ያለችው ባለቁልፍ ስልክ ትበቃለች። የሚያስፈልገው በሌላው ወገን ሆኖ «እንዴት አሰብኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዳዊት ወደ ጎልያድ ሊወጣ ሲል ሳኦል የራሱን ጥሩርና የናስ ቁር አለበሰው። ጥሩሩ ክፉ ዕቃ አልነበረም፤ የንጉሥ ዕቃ ነበር። ዳዊት ግን አልለመደውምና መራመድ አቃተው፤ አውልቆ በእጁ የለመደውን ወንጭፍ ያዘ። እኛ ብዙ ጊዜ ለትምህርት ቤቶቻችን የሳኦልን ጥሩር አልብሰን፣ ስላልተራመዱ እንወቅሳቸዋለን። አስቀድመን መጠየቅ ያለብን በእጃቸው ያለው ምን እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ለዛሬው ውሳኔ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከግዢ በፊት ልጆቹን እንቁጠር። ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ ጠርተን፣ በቃልም በጽሑፍም ጥቂት የመደመርና የመቀነስ ጥያቄዎች እንጠይቃቸው። እያንዳንዱ የት ላይ እንደቆመ በመዝገብ እንጻፍ። ይህ ከትዕግሥት በቀር ብዙ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ የመጀመሪያው ድርሻ ለመምህራኑ ይሁን። የልጅን ስህተት ማንበብ የሚማሩበት፣ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት የክረምት ሥልጠና ይዘጋጅላቸው፤ ትምህርት ሲከፈትም የፕሮጀክት ሠራተኛ በየወሩ እየሄደ ይጎብኛቸው። መምህሩን ሳናከብር የምንሰጠው መሣሪያ ሁሉ ተቆልፎ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ከዚያ የኒካራጓውን መንገድ በትንሹ እንሞክር። ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ አጫጭር የሒሳብ ትምህርቶች በድምፅ ተቀድተው፣ በመካከሉ የመልስ ጊዜ እየተተወ፣ በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ድምፅ ማጉያ ሊሰሙ ይችላሉ። የሚቀዳውንም ድምፅ የራሳችን መምህራን ያዘጋጁት። ልጆቹ ያልገባቸው ሲገኝ ተመልሶ ይቀዳል።

አራተኛ፣ የወጣቶች ማኅበሮቻችን የስልኩን ሥራ ይረከቡ። አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው በቤት የተቀመጡ ወጣቶች በየአጥቢያው አሉን። እያንዳንዳቸው አምስት ልጆች ተቀብለው፣ ከወላጆቻቸው ፈቃድ ጋር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢደውሉላቸው ወይም ቤታቸው ድረስ ቢጎበኙአቸው ብዙ የሚጠፋ ልጅ ይገኛል።

ታብሌትስ? ገንዘብ ከተረፈ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ በጥቂቱ እንጀምር። ማን ኃይል እንደሚሞላው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ ትምህርቱ ከልጁ ደረጃ የሚነሣ መሆኑን አስቀድመን እንወቅ። በዓመቱ መጨረሻም በመጀመሪያ የጠየቅናቸውን ያንኑ ዓይነት ጥያቄዎች መልሰን እንጠይቃቸው። ለደጋፊዎቻችን የምንጽፈው ሪፖርት ስንት ዕቃ እንደሰጠን ሳይሆን ስንት ልጅ መቀነስ እንደቻለ የሚናገር ይሁን፤ ካልቻለም አለመቻሉን በግልጥ ይናገር።

ወደ ቆሎ ሻጩ ልጅ ልመለስና ላብቃ። ከገበያው በኋላ መምህሩን በቤቱ አግኝቼ ያየሁትን አጫወትሁት። አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ አሰበ። በማግሥቱ ወደ ክፍል ሲገባ ጭራሮ ሰብስቦ፣ በአሥር በአሥር አስሮ፣ አምስት እስር ይዞ መጣ። ልጁን ጠራውና እስሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ «ሃምሳ ብር ነው እንበል፤ አሥራ አምስቱን ስጠኝ» አለው። ልጁ አንዱን እስር አንሥቶ ሰጠው። ለአምስቱ ግን ቆመ። ነጠላ ጭራሮ የለም። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ መምህሩም ምንም ሳይናገር ጠበቀው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጁ አንዱን እስር ፈታና አምስት ጭራሮ ቆጥሮ ሰጠው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት እስርና አምስት ጭራሮ ቀረ። ዞሮ እኔን አየኝና «ጋሼ፣ የቆሎው ነው እኮ!» አለ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ 35 ብሎ ጻፈ።

ያ ጭራሮ በገንዘብ አልተገዛም። ወደፊት በታብሌት ላይ የተሣለ ጭራሮ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ጌታ ቢፈቅድ በደስታ እንቀበላለን። ነገር ግን ያን ቀን ልጁን ያገኘው የመምህሩ መታገሥ ነው። እግዚአብሔር እስኪገባን ድረስ የታገሠን አምላክ ነውና፣ እኛም በአደራ የተሰጡንን ልጆች እንድንታገሣቸው፣ የምእመናኑንም ገንዘብ በማስተዋል እንድናወጣ ይርዳን። አሜን።